ባለማወቅ ስለምናፈርሰው ባልንጀርነት



ሰው ሊገድለው ያላሰበውን፣ በዐይኑም ያላየውን ፍጥረት ቢያጠፋ በደለኛ ነውን? ይህ ጥያቄ ለቅኔ ቤት ክርክር የተፈጠረ ሊመስል ይችላል፤ እኛም ብዙ ዘመን እንዲሁ ይመስለን ነበር። ነገር ግን በምናገለግልበት በመካኒሳ ደብር አጥር ሥር አንዲት አረጋዊት መነኵሲት ስለ ዱባ የነገሩን ነገር ጥያቄውን ከመጽሐፍ ገጽ አውጥቶ በደጃችን አስቀመጠው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ዕፅዋትና ስለ ነፍሳት ባልንጀርነት፣ እኛም መሬቱን በምንለዋውጥበት ጊዜ ይህ ባልንጀርነት ስለሚደርስበት ነገር፣ በዚህም ምክንያት በላያችን ስላለው ዕዳ እንጽፋለን።

አስቀድመን ስለ ሀገሩ ስም ጥቂት እንበል። መካኒሳ የሚለው ቃል በኦሮምኛ ቋንቋ የብሳና ዛፍ ስም ነው። የክፍለ ከተማችን ስም እኩሌታ የሆነው ላፍቶም በዚያው ቋንቋ ግራር ማለት ነው። ከተማይቱ ራሷ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ አፍ ስሟን ስታገኝ የተጠራችው በአበባ ነው። ሾላ የሚባል ሠፈር አለ፤ ወይራ ሠፈር የሚባልም አለ። የቀደሙት ሰዎች ለመንደራቸው ስም ሲያወጡ መዝገብ አላገላበጡም፤ ዐይናቸው ያረፈበትን ዛፍ ጠሩ እንጂ። ዛሬ ግን በመካኒሳ ላይ ቆሞ መካኒሳን የሚፈልግ ሰው ብዙ መንገድ መሄድ ይኖርበታል። የቀለበት መንገዱ አለ፤ ፎቁ አለ፤ ትንሹ አቃቂም ምንም እንኳ ውሃው ቢጠቍርና ቢሸት አሁንም በመካከል ያልፋል። ዛፉ ግን በስሙ ብቻ ቀርቷል ለማለት ጥቂት ነው የጎደለው።

ብሳና በመልኩ ከዛፎች ሁሉ የተዋበ አይደለም። እንጨቱም እንደ ወይራና እንደ ጽድ አይፈለግም፤ ለዚህ ይመስለናል ማንም ሳያዝንለት የሚቈረጠው። ቅጠሉ ሲያረጅ እንደ ብርቱካን ቀልቶ ይረግፋል፤ ነጣ ያለው አበባው በቅርንጫፉ ጫፍ እየተንዠረገገ ሲወጣ ግን የንብ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ንብ አርቢዎች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። በ1994 እ.ኤ.አ. ራይንሃርድ ፊሽትልና አድማሱ አዲ ስለ ኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት ባሳተሙት መጽሐፍ ንብ ከሚቀስማቸው የሀገራችን ዛፎችና ቍጥቋጦዎች ጋር ብሳናም ተቈጥሯል። እንግዲህ መካኒሳ ስሙን ያገኘው ከንብ ማዕድ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ። በ2014 ዓ.ም. የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ግቢውን ለማሳመር መከረ። የምእመናኑ አቤቱታ ቅን ነበር፤ በክረምት ጭቃው ነጠላ ያበላሻል፣ በበጋ አቧራው ያስላል፣ ከአጥሩ ሥር ያለው ቍጥቋጦም የቆሻሻ መጣያ ሆኗል የሚል ነው። ቍጥቋጦ የተባለው ግራዋ፣ አጋም፣ ቀጋና ዳማ ከሴ ነበር፤ በመካከሉም ሁለት ያረጁ ብሳናዎች ቆመው ነበር። እኛም በጉባኤው ተነሥተን የእግዚአብሔር ቤት ንጹሕ መሆን ይገባዋል ብለን ተናገርን፤ ንግግራችንም በእልልታ ተቀባይነት አገኘ። አጥሩ ተመነጠረ፤ ከብሳናዎቹ አንዱ ተቈረጠ፤ በግንዱ ጎሬ ይኖር የነበረው የንብ መንጋ በጢስ ተባረረ፤ መሬቱም በሲሚንቶ ንጣፍ ተሸፈነ። ሥራው ሲያልቅ እጅግ ደስ ብሎን ነበር። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ቢሆን በዝናብ ቀን በዚያ ንጣፍ ላይ ስንሄድ ደስ ይለናል።

ከአጥሩ ውጭ፣ መሬቱ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቅበት በኩል፣ ከላይ የጠቀስናቸው መነኵሲት ጥቂት መደብ አሏቸው። ዱባ ይተክላሉ፤ ካፈራላቸውም ለነዳያን ያካፍላሉ። በመስከረም ወር በ2015 ዓ.ም. ከቅዳሴ ስንወጣ ጠበቁንና፦

«የኔታ፣ ዱባዬ ያብባል እንጂ አይይዝም፤ ምን በድዬ ይሆን?» አሉን።

እኛም እንደ ልማዳችን «እማሆይ፣ ይጸልዩ፤ ፍግም ይጨምሩበት» አልናቸው።

«ጸልያለሁ፤ ፍግም ጨምሬያለሁ» አሉ። «የጎደለው ሌላ ነው። ዘንድሮ ማለዳ ማለዳ የሚያንጐራጕርበት የለም።»

ይህን ቃል ቸል ብለን አለፍነው። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ያደገ አንድ የግብርና ባለሙያ ግን ሰምቶ ኖሮ በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ወደ መደቡ ወሰደን። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ዐይነት አበባ እንደሚያወጣ ያን ዕለት አየን፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ዱባ ስንበላ ኖረን ይህን አለማየታችን አሳፈረን። አንዱ በቀጭን አገዳ ላይ የሚቆም ወንዴ አበባ ነው፤ ሁለተኛው ከሥሩ አውራ ጣት የምታህል ዱባ የያዘ ሴቴ አበባ ነው። ሴቴዋ የምትከፈተው ለአንዲት ማለዳ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ትከደናለች፤ ዳግመኛም አትከፈትም። በዚያች አጭር ሰዓት ከወንዴው አበባ ብናኝ የሚያመጣላት ካላገኘች ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። የዱባ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ስለ ሆነ ነፋስ አያደርሰውም፤ የሚያደርሰው ንብ ነው። ወጣቱ ወንዴውን አበባ ቀጥፎ፣ ቅጠሉን ልጦ፣ በሴቴዋ ልብ ውስጥ ቀስ አድርጎ አሸው። ከዚያም ወደ መነኵሲቱ ዞሮ «ከእንግዲህ ንቧ እርስዎ ነዎት፣ እማሆይ» አለ። እርሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኪዳን ጸሎት በፊት በየአበባው እየዞሩ ይህን ያደርጋሉ። ዱባውም ያዘላቸው።

ንቦቹን ያራቃቸው የእኛ ምንጣሮ ብቻ ነው ብለን አንምልም። በአካባቢያችን ያለው ቤት ሁሉ ግቢውን በሲሚንቶ ሸፍኗል፤ በየአትክልቱም መድኃኒት ይረጫል። ነገር ግን የእኛ እጅ በውስጡ እንዳለበት አንክድም። ለካስ በዓለም ከሚታወቁት ከሃያ ሺህ የሚበልጡ የንብ ዐይነቶች አብዛኞቹ በቀፎ የሚኖሩ አይደሉም፤ እየብቻቸው መሬት ቆፍረው ልጆቻቸውን በጕድጓድ የሚያሳድጉ ናቸው። እኛ ንጣፉን ስናነጥፍ ስንት ደጅ እንደዘጋን እግዚአብሔር ያውቃል። በጢስ የተባረረው መንጋ ቢያንስ በርሮ ሄዷል።

ቋንቋችን ለእነዚህ ደቃቆች ያወጣላቸው ስም ነፍሳት የሚል ነው። ስለ ሙታን ስንጸልይም ነፍሳት እንላለን። ይህን ስም ያወጣው ሰው ሥጋቸው ከማነሱ የተነሣ ሕይወት ብቻ ሆነው ታይተውት ይሆናል። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ሰምና ወርቁ ተዘጋጅቶ የቆየለት ቃል ነው።

የእማሆይን እጅ በአበባው ውስጥ ባየን ጊዜ የነቢዩ አሞጽ እጅ ትዝ አለን። እንዴት ነው ለሚል አንባቢ ጥቂት መዞር ያስፈልገናል።

በጎጃም ዋሸራ ቅኔ ስንማር፣ ቍራሽ ባልተገኘበት ቀን ወደ ወንዝ ወርደን ሾላ እንለቅም ነበር። ገምሰን ከውስጡ የሚወጡትን ጥቃቅን ዝንቦች እፍ ብለን አራግፈን እንበላለን። የባሰ የራበው ደግሞ ሳይገምስ ይውጠዋል። «ሾላ በድፍን» የሚለው አነጋገር ይህን ያየ ሰው የፈጠረው ነው፤ ውስጡን የመረመረ አይበላውምና። አሁን ግን እንገምሰው። ዝንቦች ያልናቸው ዝንቦች አይደሉም፤ ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ ተርቦች ናቸው። ፍሬ የምንለውም አበቦቹን ወደ ውስጥ የከተተ ቤት ነው። ሴቲቱ ተርብ በጫፉ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ስትገባ ክንፎቿ ይነቀላሉ፤ ያመጣችውን ብናኝ በውስጥ ላሉት አበቦች ታደርሳለች፤ በአንዳንዶቹም ላይ እንቍላሏን ትጥላለች፤ ከዚያም እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ በዚያው ተፈልፍለው፣ ብናኙን ተሸክመው፣ ሌላ ሾላ ፍለጋ ይወጣሉ። ይህች ተርብ ከሾላ በቀር ልጅ የምታሳድግበት ቤት የላትም፤ ሾላውም ከእርሷ በቀር ዘር የሚያሰጠው የለም። እነዚህን ሁለት ፍጥረታት ማን አጋባቸው? የሚለያያቸውስ ማን ነው?

የሚለያያቸውን በግብፅ እናገኘዋለን። ሾላ በጥንት ዘመን ከደቡብ ወደ ግብፅ ሲወሰድ ዘር የምታሰጠው ተርብ በዚያ አልተገኘችም። ስለዚህ የግብፅ ሾላ በሺህ ለሚቈጠሩ ዓመታት ከቅርንጫፍ እየተተከለ ኖረ እንጂ ከዘር አልበቀለም። ፍሬውም በወቅቱ እንዲበስል ገበሬው ዛፉ ላይ እየወጣ እያንዳንዱን በስለት ይበጣው ነበር፤ እንዲህ ተበጥቶ የደረቀ ሾላ ከጥንት ግብፃውያን መቃብር ውስጥ ተገኝቷል። በቅድስት ሀገርም ግብሩ ይኸው ነበር። አሞጽ ነቢይነትን ከአባቱ እንዳልወረሰ ሲናገር መተዳደሪያውን ይገልጻል። የአማርኛው መጽሐፍ የዚያን ዛፍ ፍሬ የሚለቅም ሰው ያደርገዋል፤ ሰባ ሊቃናት ግን የሾላን ፍሬ የሚጭር፣ የሚበጣ በሚያሰኝ ቃል ተርጕመውታል። መምህሮቻችን ቢሆኑ «አንድም» ብለው ሁለቱንም ያስተምሩ ነበር። እኛ ግን ሁለተኛውን ከሰማን በኋላ አሞጽን ስናስበው ስለት ይዞ በዛፍ ላይ የተቀመጠ፣ የጠፋችውን ተርብ ሥራ የሚሠራ ምንደኛ ሆኖ ይታየናል።

እንዲህ ያለውን የገበሬ ጥበብ አባቶቻችን አልናቁትም። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ዕለታት ፍጥረት ባስተማረው ድርሳኑ የበለስ አትክልተኞች የዱር በለስ ፍሬ አምጥተው በጓሮው በለስ ላይ ያስሩ እንደ ነበር ያነሣል፤ ምሳሌውንም ለመንፈሳዊ ትምህርት ያውለዋል። ከዱሩ ፍሬ የሚወጡት ደቃቅ ተርቦች መሆናቸውን ዛሬ እናውቃለን። በዘመናችንም በቻይና ሀገር፣ በሲቹዋን ግዛት ሃንዩዋን በሚባል ወረዳ፣ የፒር አትክልተኞች ከዛፍ ወደ ዛፍ እየወጡ በላባ ብሩሽ ብናኝ ሲያዳርሱ ታይተዋል፤ ለዚህም ካበቋቸው ምክንያቶች አንዱ የተባይ መድኃኒቱ ንቦቹን ማራቁ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ «ታዲያ ምን ችግር አለ? ተርቧ ብትጠፋ በስለት፣ ንቧ ብትጠፋ በእጅና በላባ ይሠራል» ሊለን ይችላል። እኛም ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብን። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። የእማሆይ እጅ ወደ ዱባው አበባ የሚሄደው ዱባ ስለሚበላ ነው። የአሞጽ ስለት ወደ ሾላው የወጣው ሾላ ስለሚበላ ነው። ወደ ግራዋው አበባ የሚሄድ እጅ ግን የለም። አጋምና ቀጋ ፍሬ እንዲይዙ ከኪዳን በፊት የሚነሣ መነኵሴ አላየንም። የሰው እጅ ንብን የሚተካው የሚጎርሰውን ያህል ብቻ ነው። ንብ ግን የሚበላውንና የማይበላውን፣ ባለቤት ያለውንና የሌለውን አትለይም፤ እሾሁንም ጽጌውንም እኩል ትጐበኛለች። አዳም በገነት ሲቀመጥ እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ታዟል፤ ከፍሬዋ ለሆድህ የሚሆነውን ብቻ ጠብቅ አልተባለም። ከእርሱ ይልቅ ንቧ የጠባቂነቱን ሥራ ስትፈጽም ብናይ እንፈር እንጂ ምን እንላለን?

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ እናንሣ። አላወቅንም፤ ክፉም አላሰብንም፤ ታዲያ በደለኞች ነን? ኦሪት ዘሌዋውያን ባለማወቅ ስለሚሠራ ኀጢአት መሥዋዕት ማዘዙን የምናስተምር እኛው ነን። ጥፋቱ በታወቀ ጊዜ ሰውዬው መሥዋዕቱን ይዞ ይመጣል እንጂ «አላወቅሁም» ብሎ ከቤቱ አይቀርም። ዳዊትም ከተሰወረው ኀጢአቱ እንዲነጻ ይለምናል፤ ያልተሰወረ ቢሆን ኖሮማ ልመናው ሌላ በሆነ ነበር። ጌታም በወንጌል የጌታውን ፈቃድ ያላወቀው አገልጋይ ጥቂት እንደሚገረፍ ተናግሯል፤ ጥቂት አለ እንጂ ከቶ አይገረፍም አላለም። ስለዚህ አለማወቅ ዕዳውን ያቀላል፤ አይፍቀውም። ከታወቀ በኋላ ግን ያው ሥራ ሌላ ስም ያገኛል። እኛ በ2014 ዓ.ም. ስንናገር የነበርንበት ሁኔታና ዛሬ የምንገኝበት አንድ አይደለም፤ በመካከሉ የዱባ አበባ አይተናል።

የተበደለውስ ማን ነው? ዛፉ የደብሩ ነው፤ ደብሩ ፈቅዷል። ንቦቹ የማንም አልነበሩም። ነገር ግን ያፈረስነው ዛፉን ወይም ንቦቹን ብቻ አይደለም፤ በመካከላቸው የነበረውን ነው። ይህ በመካከል ያለው ነገር በማንም ስም አልተመዘገበም፤ ካርታ የለውም፤ ካሳም አይጠይቅም። እኛ ግን የጥፋት ውሃ ካለፈ በኋላ እግዚአብሔር ኪዳኑን ያቆመው ከኖኅና ከልጆቹ ጋር ብቻ እንዳልሆነ፣ ከእነርሱ ጋር ከነበረ ሕያው ነፍስ ሁሉ ጋር እንደሆነ እናነባለን። በነቢዩ ሆሴዕም ዘንድ ኪዳኑ በምድር ላይ የሚንቀሳቀሰውን ደቂቅ ሳይቀር ያጠቃልላል። በኪዳኑ ውስጥ የገባን ፍጥረት «የማንም ያልሆነ» ብሎ መጥራት የሚቻል አይመስለንም።

አንድ ወንድማችን ካህን ይህን ስንነግራቸው «ለቁራ ጫጩት የሚሰጥ አምላክ ለንብም ያውቅላታል፤ እርስዎ ለነፍስ ያስቡ» ብለውናል። ከልባቸው ነው የተናገሩት፤ በእግዚአብሔር መግቦት ማመናቸውንም እናከብራለን። ነገር ግን መግቦቱ የእኛን መጥረቢያ የሚከተል ሠራተኛ አይደለም። ለቁራ ጫጩት የሚሰጥ አምላክ ለድኻም ይሰጣል፤ ቢሆንም ለድኻ እንድንሰጥ ታዘናል።

ሌላም መናገር የሚገባን ነገር አለ። በዚህ ነገር በድኻ ላይ የምንፈርድ አይደለንም። እንጨት ሽጣ ልጆቿን የምታበላ እናት፣ ቤት አጥቶ በዳገት ላይ ጎጆ የሚቀልስ ሰው ከእኛ ጋር አይቈጠሩም፤ እኛ የመነጠርነው ለውበት ነውና። ባሕር ዛፍንም እንደ ልማድ ሆኖ ሁሉ ይሰድበዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የከተማይቱን ምድጃ ያሞቀና ጣሪያዋን የተሸከመ ዛፍ ነው፤ ንብም አበባውን ትቀስማለች። ጥፋቱ ብቻውን እንዲቆም በተተከለበት ስፍራ ከሥሩ ሌላው እንዳይበቅል መከልከሉ ነው። አንድ ዐይነት አበባ ብቻ ያለበት ሀገር ለንብ አንድ ወር ጥጋብ ዐሥራ አንድ ወር ጾም ነው፤ ያውም ፍስክ የሌለው ጾም።

ጾም ካነሣን ዘንድ፣ አንባቢ እንዳይሸበር አንድ ነገር እንግለጽ። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ በራሳቸው ብናኝ የሚያፈሩ ናቸው፤ ንብ ብትጠፋ እንጀራው ከመሶብ አይጠፋም፤ ለመሥዋዕት የሚሆነው ስንዴም አይታጣም። የጾም ወጣችንን የምናቁላላበት ኑግ ግን የራሱን ብናኝ የማይቀበል ተክል ነው፤ ከሌላው የኑግ አገዳ ንብ ካላመጣችለት ፍሬው ባዶ ይሆናል። በመቅደስ የምናበራው ጧፍም ሰሙ የንብ ነው። ከእንስሳት ፍሬ ሁሉ ርቀናል ብለን በምንጾምበት ወራት እንኳ በወጡም በመብራቱም የንብ ባለዕዳዎች ነን። በየማሳው ዳር ይበቅል የነበረውን አደይና መች አረም ነው ብለን በመድኃኒት ስናደርቅ፣ የኑጉን አገልጋይ በረሃብ እያባረርን መሆኑን የሚነግረን የለም።

በሌላውም ዓለም ነገሩ እየከፋ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ከብዙ ሀገር የተሰበሰቡ ሊቃውንት ባወጡት ጥናት ከዱር አበባ ዕፅዋት ከመቶው ዘጠና የሚጠጉት፣ ሰው ከሚመገባቸው ዋና ዋና አዝርዕትም ዐይነት ከአራቱ ሦስቱ ይብዛም ይነስ ብናኝ በሚያደርሱ እንስሳት እርዳታ ይኖራሉ። በጀርመን ሀገርም በተከለሉ ስፍራዎች የሚበሩት ነፍሳት በክብደት ሲመዘኑ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ከመቶው ከሰባ አምስት በላይ መቀነሳቸው በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የተከለለ ስፍራ ከሆነ እንዲህ፣ ያልተከለለውማ ምን ይባላል።

እኛ ግን ከሩቅ ሀገር ይልቅ በገዛ ቤታችን ያለው ምስክር ይበልጥ ይነካናል። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ከእርሻው ባሕር መካከል እንደ ደሴት ሆኖ የቀረው ደን የአብያተ ክርስቲያናት ደን ነው። በደቡብ ጎንደር ይህንን ደን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ አሮጌዎቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ከሥራቸው የሚተካ ችግኝ በከብት እየተረገጠና እየተበላ መጥፋቱን አሳይተዋል። ከእርሳቸውና ከአሜሪካዊቱ ሊቅ ከማርጋሬት ላውማን ጋር በመተባበር በአንዳንድ ደብር ካህናቱና ሕዝቡ ከማሳው ድንጋይ ለቅመው ደኑን አጥረዋል። ድንጋዩ ከእርሻው መነሣቱ ለገበሬው ጠቀመ፤ ከአጥሩ ውስጥም ችግኙ ተነሣ። ለባላገሩ ካህን የተቻለው ለአዲስ አበባው ካህን ለምን ያዳግታል? ምናልባት እኛ ዛፍ ስንል ዐይናችን የሚያርፈው በጽድና በዝግባ ላይ ስለ ሆነ ይሆናል። ጽድና ዝግባ የተከበሩ ናቸው፤ ብናኛቸውን የሚወስደው ግን ነፋስ ነው። ጽድ ብቻ የቆመበት በሲሚንቶ የተነጠፈ ግቢ ለሚያየው አረንጓዴ ነው፤ ለሚሰማው ግን ጸጥ ያለ ነው።

በዚህ ዓመት ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ አዲስ ሐሳብ ቀርቧል። የቀረውን ብሳናና ከሥሩ ያቈጠቈጠውን ግራዋ አንሥቶ በስፍራው ለኪራይ የሚሆኑ ሱቆች ለመሥራት ነው። ገንዘቡ የታሰበው ለአብነት ተማሪዎች ቀለብ ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚከብደን የሾላውን ነገር ያነበበ ይረዳናል፤ ቍራሽ አጥቶ ሾላ የለቀመ ሰው ለተማሪ ቀለብ የሚሆነውን ገንዘብ ሲቃወም ማየት ለራሳችንም እንግዳ ሆኖብናል። ቢሆንም ተነሥተን ተናገርን። ሱቆቹ በዚያው ቀድሞ በተነጠፈው በደቡብ በኩል ይሠሩ፤ ስፍራው ጠቦ ኪራዩ ቢያንስ ከእኛ ከካህናቱ ድርሻ ይጕደል፤ በብሳናው ዙሪያ ሁለት ክንድ ያህል ንጣፍ ተነሥቶ አፈሩ ይገለጥ፤ ዳማ ከሴና ግራዋም እንደገና ይተከል አልን። ስለ ኪራዩ መጕደል ስንናገር ከካህናቱ ወገን አንገቱን ያቀረቀረ ነበር። በዚህ ጊዜ እልልታ አልተሰማም። አንድ ሽማግሌ «የኔታ፣ በዚያን ጊዜ አስመነጠሩን፤ ዛሬ ደግሞ ይከለክሉናል» አሉን፤ እውነታቸውን ነው፤ መልስ አልነበረንም። ነገሩ አልተቈረጠም፤ ጉባኤው ለሰኔ ቀጠሮ ይዟል።

በዚያው ሰሞን ከኪዳን በኋላ በአጥሩ በኩል ስናልፍ እማሆይን ከብሳናው ሥር አገኘናቸው። እጃቸው በዱባ ብናኝ ቢጫ ሆኗል፤ አንጋጠው ወደ ላይ ይመለከታሉ። ዛፉ ማበብ ጀምሯል። ምን እንደሚያዩ ጠየቅናቸው።

«ዝም ይበሉ፣ የኔታ» አሉን፤ «እየሰማሁ ነው።»